ኮረንቲን ስለ ማቅናት፤ በዳዮድ ፈንታ ትራንዚስተር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበባችን በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርግ በታዘዘ ጊዜ አንዳንዶቻችን ስለ ጨረቃ ጉዞ፥ አንዳንዶቻችንም ስለ አቶም ኃይል እንናገር ብለን ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ የተስማማነው ግን ጣታችንን ስላቃጠለን ነገር ለመናገር ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ከጥፍር የማይበልጥ ዕቃ ነው። ስሙም ዳዮድ ይባላል። ለምን እንደሚሞቅ፥ በእርሱ ፈንታ ትራንዚስተር ቢተካ ምን ጥቅም እንደሚገኝና ምን ችግር እንደሚመጣ፥ ሁለቱንም ሠርተን ስላየነው እንነግራችኋለን። ወላጆቻችን ሆይ፥ ነገሩ የከበዳችሁ እንደ ሆነ ታገሡን፤ ከእኛም መካከል ገና በደንብ ያልገባው አለና።

ሥራው የተጀመረው በአንድ መብራት ምክንያት ነው። እንደምታውቁት ከእኛ ብዙዎቹ የሚመጡት ከየቡ ከተማ ውጭ፥ በቡናው ጥላ ውስጥ ካሉት መንደሮች ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ያልገባባቸው ቤቶች አሉ፤ በገባባቸውም ቢሆን መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። በኩራዝ የሚያጠና ተማሪ ከመጽሐፉ ይልቅ ጢሱን ይጠጣል፤ ጧትም ዓይኑ ቀልቶ ወደ ክፍል ይገባል። ስለዚህ ክበባችን አንድ ባለ 6 ቮልት ባትሪ ከትንሽ መብራት ጋር አዘጋጅቶ፥ ባትሪውን በትምህርት ቤቱ ኮረንቲ እየሞላ፥ ለፈተና ለሚዘጋጁ ጓደኞቻችን በየተራ ለማዋስ አሰበ። የመሙያው ቀን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ያለንም ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለ ተራው ባትሪውን በከረጢት ይዞ ወደ መንደሩ ይሄዳል።

ትራንስፎርመሩን ያገኘነው ከተበላሸ ራዲዮ ነው። የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 6 ቮልት ያወርዳል። ከእርሱም ቀጥሎ አራት ዳዮዶችን እንደ መጽሐፉ ሥዕል አድርገን በእርሳስ አጣበቅናቸው፤ ጫፉንም ከባትሪው ጋር አገናኘነው። በመጀመሪያው ሰዓት ዳዮዶቹ ጣት የሚያቃጥሉ ሆኑ። ቀስ በቀስ ግን ቀዘቀዙ፤ እኛም ባትሪው ሞላ ብለን ደስ አለን። አልሞላም ነበር። ባለ ተራው ልጅ ሰኞ ዕለት ባትሪውን ሲመልስ መብራቱ ሳይመሽ እንደ ጠፋ፥ ታናሽ እኅቱም እንደ ሳቀችበት ነገረን። የፊዚክስ መምህራችንን በጠየቅን ጊዜ መልስ ከመስጠት ይልቅ እርሳቸው ጠየቁን፤ «ያ ጣታችሁን ያቃጠለው ሙቀት ከማን ኪስ ወጣ?» አሉን። ይህ ንግግር የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

አስቀድሞ ስለ ኮረንቲው አመጣጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከዚህ ከጅማ አገር ብዙ ሳይርቅ የግልገል ጊቤ ወንዝ ተገድቦ፥ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀምሯል። ከእርሱ በኋላ በዚያው ተፋሰስ ግልገል ጊቤ ሁለተኛው፥ ቀጥሎም በኦሞ ወንዝ ላይ 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጊቤ ሦስተኛው ተሠርተዋል። ከነዚህ ጣቢያዎች የሚወጣው ኮረንቲ እንደ ወንዝ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስስ አይደለም። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወደ ፊት ይሄዳል፥ 50 ጊዜም ወደ ኋላ ይመለሳል። ተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚባለውም ስለዚህ ነው። ተለዋዋጭ መሆኑ በትራንስፎርመር ከፍና ዝቅ ለማድረግ፥ ሩቅ አገርም ለመላክ ይመቻል። ነገር ግን ባትሪ፥ ስልክ፥ ራዲዮ፥ ቴሌቪዥን፥ የኮምፒዩተር ልብም ቢሆን የሚፈልጉት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። ባትሪን በተለዋዋጭ ኮረንቲ ለመሙላት መሞከር በአንድ እጅ እየሰጡ በሌላው እንደ መንጠቅ ነው። እንግዲህ በግድግዳውና በባትሪው መካከል ቆሞ የሚመላለሰውን ኮረንቲ የሚያቀና ዕቃ ያስፈልጋል። በየቡ ከተማ ስልኩን የሚሞላ ሰው ሁሉ፥ ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ እንዲህ ያለውን ዕቃ በእጁ ይዟል።

ዳዮድ ይህን ሥራ የሚሠራው እንደ ኬላ ሆኖ ነው። የዚህ አገር ሽማግሌዎች የኬላን ነገር ያውቃሉ። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፥ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓመተ ምሕረት፥ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ በአገሩ ድንበር ባለው ኬላ ማለፍና ቀረጥ መክፈል ነበረበት። አሁን አንድ እንግዳ የሆነ ኬላ በሐሳባችን እንሥራ። ይህ ኬላ ወደ ገበያ የሚገባውን ያሳልፋል፤ የሚመለሰውን ግን ፈጽሞ አያሳልፍም። የሚያስከፍለውም ቀረጥ በዕቃው ብዛት ሳይሆን ለሁሉም እኩል ነው፤ መቶ በቅሎ የጫነውም፥ አንድ ቁና ቡና በትከሻዋ የተሸከመች ሴትም እኩል ይከፍላሉ። ዳዮድ ልክ እንዲህ ነው። ከሲሊኮን የተሠራው ተራ ዳዮድ የሚያልፍበትን ኮረንቲ ሁሉ 0.7 ቮልት ያህል ይቀንስበታል። ኮረንቲው ሲበዛ ቀረጡም ጥቂት ይጨምራል፤ ወደ 1 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። በአራት ዳዮድ በተሠራው ማቅኛ ደግሞ ኮረንቲው ወደ ባትሪው ሲሄድ በአንዱ፥ ሲመለስም በሌላው ማለፍ አለበት። ስለዚህ ሁለት ኬላ አለ፤ ቢያንስ 1.4 ቮልት ይከፈላል።

ቀረጡ የሚመጣው ከዳዮዱ አፈጣጠር ነው። ዳዮድ ሁለት ዓይነት ሲሊኮን የተጋጠመበት ዕቃ ነው፤ በአንደኛው ወገን ኤሌክትሮን የበዛበት፥ በሁለተኛው ኤሌክትሮን የጎደለበት ነው። በመጋጠሚያው ላይ እንደ ዳገት ያለ ነገር ይፈጠራል። ኮረንቲው በአንድ አቅጣጫ ዳገቱን መውጣት ይችላል፤ በሌላው በኩል ግን ገደል ይሆንበታል። ዳገቱን ለመውጣት የሚጠፋው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሾትኪ የሚባል ሌላ ዓይነት ዳዮድ አለ፤ ዳገቱ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ 0.3 ወይም 0.5 ቮልት ብቻ ያስከፍላል። ዳሩ ግን ሲሞቅ ወደ ኋላም ያፈስሳል።

እንግዲህ ቀረጡ ለማን እንደሚከብድ አስቡት። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ እንዲሄድ ሆኖ ነው። ከ750 ላይ 2 ቮልት ቢነሣ ማን ያስተውለዋል? ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ የተዘረጋውና በ2015 ዓ.ም. ኃይል መላክ የጀመረው መስመርም ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ነው። ኃይሉ በሶዶ ጣቢያ ቀንቶ፥ በ500,000 ቮልት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፥ በኬንያ እንደ ገና ተለዋዋጭ ይሆናል። በዚያ የሚያቀኑት ታይሪስተር የሚባሉ፥ በትእዛዝ የሚከፈቱ የዳዮድ ወንድሞች ናቸው። ብዙ ሆነው በተርታ ተደርድረዋል፤ ቢሆንም የሁሉም ቀረጥ ተደምሮ ከግማሽ ሚሊዮኑ ቮልት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ከ12 ቮልት ላይ 1.4 ቢነሣ ግን ከአሥር እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ከ6 ቮልት ላይ ከአምስት እጅ አንዱ ይበልጣል። ቁና ቡና የያዘችው ሴት እኛ ነን።

የእኛም ባትሪ ያልሞላበት ምክንያት ይኸው ነው። ባለ 6 ቮልት ትራንስፎርመር በየማዕበሉ ጫፍ 8.5 ቮልት ያህል ይደርሳል። ከዚህ ላይ 1.4 ሲቀነስ 7.1 ይቀራል። የእርሳስ ባትሪ ባዶ ሲሆን 6 ቮልት ግድም ስለ ሆነ በመጀመሪያ ኮረንቲው ይገፋል፤ ዳዮዱም ይሞቃል። ባትሪው እየሞላ 7 ቮልት ሲቃረብ ግን የሚገፋው ኃይል ያልቃል። በደንብ ለመሙላት 7.2 ቮልት ያስፈልገዋል፤ እኛ ግን ከደጃፉ ደርሰን ቆምን። ዳዮዶቹ የቀዘቀዙት ሥራቸውን ጨርሰው ሳይሆን ሥራ አጥተው ነበር።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፥ «ታዲያ ባለ 9 ቮልት ትራንስፎርመር አምጥተን አንገላገልም ወይ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቢኖረን ኖሮ እናደርገው ነበር፥ ይህም ንግግር ባልኖረ። ከግድግዳ ለሚመጣ ኮረንቲ ይህ ያስኬዳል፤ ትርፉም በሙቀት ይጠፋል፤ ሂሳቡንም ትምህርት ቤቱ ይከፍላል። ነገር ግን ምንጩ በእጅ የሚዞር ወይም በትንሽ ወንዝ የሚገፋ ዲናሞ ቢሆን ተጨማሪውን ቮልት ከየት እናመጣዋለን? በእጁ የሚያዞረው ሰው ለሁለቱ ኬላዎች የሚከፍለው በክንዱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ትራንዚስተሩ እንምጣ። ትራንዚስተር መጀመሪያ የተሠራው በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እኛ የተጠቀምንበት ዓይነት ግን ከዚያ የተለየ ነው። ሞስፌት ይባላል፤ በ1959 በዚያው ላቦራቶሪ የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው በግብፅ በፖርት ሳይድ የተወለደው መሐመድ አታላ፥ ሁለተኛው በኮሪያ የተወለደው ዳዎን ካንግ። የአፍሪካ ልጅ የሠራው ዕቃ ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር መሆኑን ስትሰሙ ደስ እንደሚላችሁ እናምናለን።

ሞስፌት ሦስት እግር አለው። በሁለቱ እግሮች መካከል ኮረንቲ የሚሄድበት መንገድ አለ፤ ሦስተኛው እግር በር ጠባቂ ነው። በዚህ በሦስተኛው ላይ ጥቂት ቮልት ሲደረግ መንገዱ ይከፈታል፤ ሲነሣ ይዘጋል። ዋናው ነገር፥ በተከፈተ ጊዜ በመንገዱ ላይ ዳገት የለም። ሜዳ ነው። እንደ ማንኛውም ሽቦ ጥቂት መጎተት ብቻ አለው፤ ያም የአንድ ኦም ጥቂት ሺኛ ነው። እንግዲህ የሚከፈለው ቀረጥ በዕቃው ልክ ሆነ ማለት ነው። አንድ አምፔር በ10 ሺኛ ኦም ውስጥ ሲያልፍ የሚቀንሰው 0.01 ቮልት ብቻ ነው፤ ዳዮዱ ከሚወስደው ሰባ እጅ ያንሳል። አሥር አምፔር ሲያልፍ 0.1 ቮልት ይቀንሳል። ይህም የበዛ መስሎ ከታየን ሁለት ትራንዚስተር ጎን ለጎን እናቆማለን፤ ቀረጡ በግማሽ ይወርዳል። ዳዮድ ግን ሁለት ቢደረግም ቀረጡ ብዙም አይቀንስም፤ ዳገቱ ሁለት ቦታ ሆነ እንጂ አልተናደምና።

ኮረንቲን በሰዓቱ በሚከፈትና በሚዘጋ በር ማቅናት ራሱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1832 ፒክሲ የተባለው ፈረንሳዊ የሠራው ዲናሞ ከመዘውሩ ጋር አብሮ የሚዞር መለዋወጫ ነበረው፤ ኮረንቲው ሊመለስ ሲል ሽቦዎቹን ያቀያይራቸው ነበር። ከትራንዚስተር በፊት በነበሩት የመኪና ራዲዮዎች ውስጥም እንደ ንብ የሚጮኽ ትንሽ ዕቃ ነበር። የመኪናውን ባትሪ ኮረንቲ እየቆራረጠ ወደ ትራንስፎርመር ይልከዋል፤ አንዳንዱም ዓይነት በሌላ ጥንድ ምላስ ከትራንስፎርመሩ የወጣውን መልሶ ያቀናው ነበር። ምላሶቹ ግን ይበላሉ፥ ይቃጠላሉ። ሞስፌት የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

ትራንዚስተሮቹን ያገኘነው ከሞተ ኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ መብዛታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮምፒዩተር ልብ የሚሠራው በ1 ቮልት ግድም ነው፤ የሚጠጣው ኮረንቲ ግን በብዙ አሥር አምፔር ይቆጠራል። 1 ቮልት ይዞ ለሚያልፍ መንገደኛ 0.7 ቮልት ቀረጥ ማስከፈል ዝርፊያ ነው። ስለዚህ በዚያ ዳዮድ የሚቆምበት ቦታ ላይ ትራንዚስተር ቆመ። በትናንሾቹ የስልክ ቻርጀሮች ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ሆኗል። በ5 ቮልት 2 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር በሾትኪ ዳዮድ ቢያቀና 0.8 ዋት ያህል በሙቀት ያጠፋል፤ በ10 ሺኛ ኦም ትራንዚስተር ቢያቀና 0.04 ዋት ብቻ ነው። ዛሬ ፈጣን የሚባሉት ቻርጀሮች እንደ ክብሪት ሳጥን ትንሽ ሆነው የማይቀልጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ባትሪያቸውን ከቤት ኮረንቲ ሲሞሉ በውስጣቸው ያለው ማቅኛ በአብዛኛው ትራንዚስተር ያለበት ነው።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። አራቱን ዳዮዶች ነቅለን በየቦታቸው አራት ትራንዚስተር አደረግን። ሁለቱ ኤን፥ ሁለቱ ፒ የሚባለው ዓይነት ናቸው። በር ጠባቂውን እግር ማን ያዘዋል? በመጽሐፍ ያገኘነው ቀላሉ ዘዴ የእያንዳንዱን ትራንዚስተር በር ከተቃራኒው የትራንስፎርመር ጫፍ ጋር ማገናኘት ነበር። አንደኛው ጫፍ ከፍ ሲል በዚህ በኩል ያሉት ይከፈታሉ፤ ዝቅ ሲል በዚያ በኩል ያሉት ይከፈታሉ። መብራቱን ያለ ባትሪ ብቻውን ስናገናኘው ቦግ አለ። ለካነው፤ በዳዮዶቹ ጊዜ በ1 አምፔር 1.7 ቮልት ያህል ይጠፋ የነበረው አሁን ከ0.1 ቮልት በታች ሆነ። ትራንዚስተሮቹን በጣታችን ብንነካቸው እንደ ጠረጴዛው ቀዝቃዛ ነበሩ። ጨፈርን ብንላችሁ ሐሰት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባትሪውን አገናኘን። ጥቂት ደቂቃ ሠራ። ይሞቅ ጀመር፤ እኛ ግን በደስታችን አላስተዋልንም። ወዲያው እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን፤ አንዱ ትራንዚስተር ጢስ አወጣ፤ የትራንስፎርመሩም ሽቦ ሞቀ። ከግድግዳው ምንም ኮረንቲ ሳይመጣ እንዴት ሊቃጠል ቻለ? ሽቦውን በጥሰን ካወጣነው በኋላ አንድ ሳምንት ተከራከርንበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዳዮድ ያስከፍላል እንጂ የሚመለሰውን መንገደኛ በተፈጥሮው አያሳልፍም። ትራንዚስተር ግን በተከፈተ ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ ሜዳ ነው፤ ወደ ገበያ የሚሄደውንም ከገበያ የሚመለሰውንም ዝም ብሎ ያሳልፋል። የእኛ በር ጠባቂዎች የሚያዩት የትራንስፎርመሩ ጫፍ ከፍ ማለቱን ብቻ ነበር እንጂ ኮረንቲው ወዴት እንደሚሄድ አይደለም። ማዕበሉ ከጫፉ ሲወርድ ከባትሪው በታች ይሆናል፤ በሩ ግን ገና ክፍት ነው፤ ስለዚህ ባትሪው በሴኮንድ መቶ ጊዜ ወደ ኋላ ይፈስስ ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ የባሰ ሆነ። ባትሪው ራሱ በሮቹን ክፍት አድርጎ ያዛቸውና በትራንዚስተሮቹና በትራንስፎርመሩ ጥቅልል ሽቦ ውስጥ ያለ ከልካይ ፈሰሰ። መብራቱ በሚያስፈልገን በዚያችው ደቂቃ ባትሪያችንን በገዛ እጃችን አቃጠልነው ማለት ነው። ይህን ያደረግነው በትምህርት ቤት፥ በመምህር ፊት ስለ ነበር ከሽታው በቀር ጉዳት አልደረሰም። አንድ ልጅ በሣር ቤት ውስጥ በመኝታው አጠገብ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ግን ምን ይሆን እንደ ነበር እያሰብን ደነገጥን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባትሪ ያለ ፊውዝ አናገናኝም።

መፍትሔው ኮረንቲው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያይ ጠባቂ ማቆም ነው። ለአራቱም በር አራት ጠባቂ መቅጠር ይቻላል፤ ፋብሪካዎችም ለዚህ የተዘጋጀ ትንሽ ዕቃ ይሸጣሉ። እኛ ግን አራቱን እንደ ነበሩ ትተን በእነርሱና በባትሪው መካከል፥ በመመለሻው ሽቦ ላይ፥ አንድ አምስተኛ ትራንዚስተር ጨመርን። የእርሱን በር የሚያዘው አነጻጻሪ የሚባል ዕቃ ነው፤ ከአሮጌ የኮምፒዩተር ኃይል ሳጥን ውስጥ ያወጣነው ሲሆን ቁጥሩ ኤልኤም 393 ነው። ሥራው በትራንዚስተሩ በሁለቱ ወገን ያለውን ቮልት እያነጻጸረ የትኛው እንደሚበልጥ መናገር ብቻ ነው። ኮረንቲው ወደ ባትሪው ሲሄድ «ክፈት»፥ ሊመለስ ሲል «ዝጋ» ይላል። ጉልበቱንም የሚያገኘው ከባትሪው ስለ ሆነ መብራት ቢጠፋም እርሱ አይተኛም።

እዚህ ላይ የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። ሞስፌት በተፈጥሮው በሆዱ ውስጥ አንድ ዳዮድ ይዟል። የፈለግነውም ያልፈለግነውም ቢሆን ከዚያው አለ። ስለዚህ ትራንዚስተሩ የሆዱ ዳዮድ ወደ ባትሪው እንዲያሳልፍ ሆኖ መቆም አለበት፤ አዙረን ያቆምነው እንደ ሆነ ጠባቂው በሩን ቢዘጋም ባትሪው በሆዱ በኩል ይፈስሳል። እኛም መጀመሪያ አዙረን አቁመነው ነበር፤ ይህን መናዘዝ አለብን። በትክክል ሲቆም ግን ይህ ዳዮድ ረዳት ይሆናል። ጠባቂው ከመንቃቱ በፊት ኮረንቲው በእርሱ ያልፋል፤ ጠባቂው ያን ያያል፥ በሩንም ይከፍታል። አነጻጻሪው ተበላሽቶ በሩን መክፈት ቢተው እንኳ መሣሪያው እንደ አሮጌው ይሞቃል እንጂ ሥራውን ፈጽሞ አያቆምም።

የጠባቂው ዓይን ፍጹም አይደለም። ይህ አነጻጻሪ እስከ 5 ሺኛ ቮልት ድረስ ሊሳሳት ይችላል። በ20 ሺኛ ኦም ትራንዚስተር ላይ ይህ ስሕተት ሩብ አምፔር ማለት ነው። እንግዲህ ስሕተቱ ወደ መዘግየት ካዘነበለ ሩብ አምፔር ወደ ኋላ እየፈሰሰ በሩ ክፍት ሊቆይ ነው። ስለዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲዘጋ አዘነበልነው፤ የቀረችውን ጥቂት ኮረንቲ የሆዱ ዳዮድ ያሳልፋታል። ጥቂት ሙቀት እናጣለን፤ ባትሪያችን ግን ወደ ኋላ አያፈስስም። በእኛ ኮረንቲ በሮቹ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ብቻ ስለሚከፈቱ ዘገምተኛ ጠባቂም ይበቃል። በስልክ ቻርጀር ውስጥ ግን በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል መክፈትና መዝጋት አለ፤ በዚያ ፍጥነት በሩን ለማንቀሳቀስ የሚጠፋው ኃይል ራሱ ስለሚቆጠር ስልኩ ሞልቶ ኮረንቲው ሲያንስ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ትራንዚስተሩን ይተዉና በዳዮዱ ብቻ ያሳልፋሉ። ለአንድ ቁና ቡና ዘበኛ አይቀጠርም።

በአዲሱ መሣሪያ ባትሪው በአራቱ ሰዓት ውስጥ 7.2 ቮልት ደረሰ። አሁን ደግሞ ተቃራኒው ሥጋት መጣ፤ ትራንስፎርመሩ ከዚያም በላይ መግፋት ስለሚችል ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ መጠበቅ አለበት። ለጊዜው ይህን የሚያደርግልን መሣሪያ ሳይሆን ባለ ተራው ተማሪ ነው፤ በቮልት መለኪያው ፊት ተቀምጦ የቤት ሥራውን እየሠራ 7.2 ሲደርስ ይነቅላል። አንድ ጊዜ እንቅልፍ የወሰደው ባለ ተራ ነበረ፤ ስሙን አንናገርም፤ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ይስቃል።

ለታናናሾቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከዚህ ሁሉ ተነሥታችሁ በቤታችሁ ያለውን ቻርጀር ሁሉ እንዳትከፍቱ። በ220 ቮልት በኩል ያለው ከግድግዳው ተነቅሎ እንኳ በካፓሲተሩ ውስጥ የሚቆይ ኮረንቲ ሊመታ ይችላል። እኛ የሠራነው ከትራንስፎርመሩ ወዲህ፥ በ6 ቮልት በኩል ብቻ ነው። ደግሞም በየቦታው ዳዮድ ነቅሎ ትራንዚስተር መትከል ጅልነት ነው። ለትንሽ ራዲዮ፥ ከግድግዳ ለሚሠራ አነስተኛ መብራት፥ አራት ርካሽ ዳዮዶች ይበቃሉ፤ ጠባቂም አያስፈልጋቸውም፥ አይሳሳቱምም። ትራንዚስተሩ የሚያዋጣው ቮልቱ ሲያንስና ኮረንቲው ሲበዛ፥ ወይም ምንጩ ደካማ ሲሆን ነው።

ሁለቱም መሣሪያዎች ከኋላችን ካለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ፤ በግራ ያለው ባለ ዳዮዱ፥ በቀኝ ያለው ባለ ትራንዚስተሩ ነው። ሁለቱም ከንግግሩ መጀመሪያ ጀምሮ በእኩል ኮረንቲ ሲሠሩ ቆይተዋል። ወላጆቻችን ስትወጡ በየተራ እየነካችሁ ልዩነቱን በጣታችሁ እንድትፈርዱ እንለምናችኋለን፤ ግራውን ቶሎ ልቀቁት። ባትሪው በዚህ ሳምንት ከከተማው ማዶ ካለው መንደር ለሚመጣው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጓደኛችን ተራ ስለ ሆነ ከአሥር ሰዓት በፊት ነቅለን መስጠት አለብን።